«ስጋት» ስንት ብር ነው? የአንድ የሥራ ዕቅድ አዘጋጅ ቢሮ አገልግሎት ግምገማ

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ቤተሰባችን በጅማ አካባቢ አነስተኛ የእሸት ቡና ማጠቢያ ለማቋቋም ሲወስን፣ የሥራ ዕቅዱን የማስጻፉ ኃላፊነት በሒሳብ ባለሙያነቴ ምክንያት በእኔ ላይ ወደቀ። ሰነዱን የሚጠብቁት አንባቢዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ፤ አንደኛው ብድር የጠየቅነው ባንክ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአዲስ አበባ፣ በሪያድና በሜሪላንድ የሚኖሩ፣ ገንዘባቸውን በማኅበራችን ውስጥ ለማዋል ያሰቡ ዘመዶቻችን ናቸው። ስለዚህ የሥራ ዕቅድ፣ የአዋጭነት ጥናትና የማኅበር ሰነዶችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚያዘጋጅ አንድ የአዲስ አበባ ቢሮ ቀጠርን። የቢሮውን ስም አልጠቅስም፤ የምነቅፈው ነገር አለኝ፣ ነቀፌታዬም በዚህ ሙያ ከተሰማሩት ለብዙዎቹ የሚሠራ ይመስለኛል።

ስለ ዋጋና ስለ ጊዜ ብዙ የምለው የለም። የተስማማነው በ60,000 ብር ነው፤ ግማሹን በቅድሚያ ከፈልን። በሦስት ሳምንት ይደርሳል የተባለው ረቂቅ በአራተኛው ሳምንት ደረሰ። ሒሳቡን ራሴ መርምሬዋለሁ፤ በብድር አከፋፈል ሠንጠረዡም ሆነ በእርጅና ቅናሽ ስሌቱ ላይ ስሕተት አላገኘሁም። የገበያ ጥናቱ ክፍል በቂ ነው፣ አቀማመጡም ለዓይን ያምራል። ይህ ግምገማ የሚያተኩረው «ስጋቶችና የመከላከያ ስልቶች» የሚል ርእስ በተሰጠው ዘጠኝ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የባንኩ የብድር ባለሙያ መጀመሪያ የገለጡት እርሱን ነው፣ ዘመዶቼም ከእርሱ ሌላ ያነበቡት ገጽ ያለ አይመስለኝም።

የአማርኛ አንባቢ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ፊት የቀረበለት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ከወጣና ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን በ300 ብር ሒሳብ፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን ለሚገዛ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ክፍት ካደረገ በኋላ፣ 9,900 ብር በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ «ስጋት»፣ «ተጋላጭነት»፣ «መዋዠቅ» ከሚሉ ቃላት ጋር ሊተዋወቅ ግድ ሆነ። እግረ መንገዴን ልናገረውና፣ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ ለሕዝብ የሚያቀርበው ሰነድ በአማርኛ የተለመደው ስሙ «የደንበኛ ሳቢ መግለጫ» ነው። ገዢ ሊያጣው የሚችለውን ነገር በዝርዝር እንዲናገር ሕግ የሚያስገድደው ሰነድ ደንበኛ እንዲስብ ተደርጎ መሰየሙ፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ያለውን ችግር ከእኔ በተሻለ ያስረዳል።

የእኛ ረቂቅ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይል ነበር፦ «ፕሮጀክቱ ከዋጋ መዋዠቅ፣ ከአየር ንብረት ለውጥ፣ ከፖሊሲ መለዋወጥና ከአሠራር ክፍተት የሚመነጩ ልዩ ልዩ ስጋቶች ሊያጋጥሙት ይችላሉ።» ሰዋስው ያልጎደለው፣ ለማንም የማይጎረብጥ ዐረፍተ ነገር ነው። ነገር ግን ቡናን አውጥተን ሰሊጥን፣ ሰሊጥን አውጥተን የጫማ ፋብሪካን ብንተካበት አንድም ፊደል ሳይለወጥ ያገለግላል። ዘጠኙን ገጽ ሙሉ በዚህ መንገድ ሞከርኩት፤ «ቡና» የሚለው ቃል የገባው በአራት ቦታ ብቻ ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው «ስጋት» ከሚለው ቃል ነው። ሰጋ ማለት ፈራ፣ ተጠራጠረ፣ ልቡ አልረጋለትም ማለት ነው፤ ስለዚህ ስጋት የሚገኘው በሚሰጋው ሰው ልብ ውስጥ እንጂ በገበያው ወይም በሰማዩ ላይ አይደለም። እናት ልጇ ሲያመሽባት ትሰጋለች፤ ልጁ ግን ምንም ላይሆን ይችላል። «አደጋ» ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ ስንሰማው የተገለበጠ መኪና ወይም የተቃጠለ ቤት ነው የሚታየን፣ ማለትም የደረሰ ነገር ነው። ባንኮችና አማካሪዎች ሊሉት የፈለጉት ነገር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ገና ያልደረሰ፣ ሊደርስም ላይደርስም የሚችል፣ ከደረሰ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ከወዲሁ ሊሰላ የሚችል ነገር ነው። በንግግር ይህን ክፍተት የሚሞላው «ሪስክ» የሚለው የውጭ ቃል ሆኗል፤ መርካቶ ያለ ነጋዴም ሆነ የባንክ ሥራ አስኪያጅ «ሪስክ አለው»፣ «ሪስክ ወስጄ ነው» ሲል ማንም ትርጉም አይጠይቀውም። በጽሑፍ ግን ሁሉም ወደ «ስጋት» ይመለሳል፤ ቢሮው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስጠይቅ ወጣቱ ጸሐፊ «ሪስክ ብሎ መጻፍ ሰነዱን ክብደት ያሳጣዋል» አለኝ።

ቃሉን እንደ ሙያ ቃል አልነቅፈውም። ሰፍቷል፣ ተለምዷል፤ ባንኮችና ተቆጣጣሪዎችም ይጠቀሙበታል፣ አሁን ሌላ ፍጠሩ ማለት ከንቱ ድካም ነው። የምነቅፈው ብቻውን ሲቆም ነው። «የዋጋ ስጋት አለ» ሲባል የሚሰጋው ማን እንደሆነ፣ ዋጋው ወዴት ሲሄድ እንደሚሰጋ፣ የፈራው ነገር ከደረሰ ስንት ብር እንደሚያጣ አልተነገረም። እኛ እሸት ቡና ገዢዎችም የታጠበ ቡና ሻጮችም ነን። የእሸት ዋጋ መውጣት ይጎዳናል፣ ለሚሸጥልን ገበሬ ግን ሲሳይ ነው። «የዋጋ ስጋት» የሚለው ሐረግ ይህን ሁሉ በአንድ ከረጢት አስገብቶ አፉን ይሰፋዋል።

ሁለተኛው በሽታ «ይችላል» ነው። በዘጠኙ ገጽ ውስጥ 61 ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። «ድርቅ ምርትን ሊቀንስ ይችላል»፣ «የመንገድ ብልሽት መጓጓዣን ሊያዘገይ ይችላል» እየተባለ ይቀጥላል። መቻል በአማርኛ በመጀመሪያ ደረጃ ዐቅም ነውና፣ ድርቅ ምርትን የመቀነስ ዐቅም እንዳለው ለኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው ይህ የሚሆነው በየስንት ዓመቱ እንደሆነና ሲሆን እኛ ምን እንደምናደርግ ነው።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፤ የእንግሊዝኛ ሰነዶች ቅርጽ ነው። በአሜሪካ ኩባንያዎች በዓመታዊ ሪፖርታቸው ስጋቶቻቸውን በተለየ ክፍል እንዲዘረዝሩ የአክሲዮን ገበያው ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2005 አዟል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ስለ ወደፊቱ የተናገረ ኩባንያ ትርጉም ያለው ማስጠንቀቂያ አያይዞ ከሆነ ትንበያው ባይሳካ እንኳ በክስ በቀላሉ እንዳይጠየቅ ጥበቃ ይሰጠዋል። ስለዚህ እዚያ ያለው «ሊሆን ይችላል» ሁሉ ጠበቃ ያስገባው ጋሻ ነው፣ የሚያገለግለው ዓላማም አለው። ያም ሆኖ ነገሩ እጅግ በመርዘሙ፣ ክፍሉ ከ15 ገጽ ከበለጠ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ማጠቃለያ እንዲቀርብለት እ.ኤ.አ. በ2020 ተደንግጓል። የእኛ የቤተሰብ ማኅበር እንዲህ ያለ ክስ አይፈራም፣ የሚጠለልበት ሕግም የለውም። ጋሻውን ተውሰን ያለ ጦርነት ተሸክመነው ዞርን ማለት ነው።

በረቂቁ መጨረሻ ላይ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ የተቀባ ሠንጠረዥ ነበር። አሥራ አራት ስጋቶች ተዘርዝረው የመድረስ ዕድላቸውና የጉዳታቸው መጠን «ከፍተኛ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ዝቅተኛ» ተብሎ ተሞልቷል። ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ «መካከለኛ» ናቸው። የቡና ፍሬ በሽታም መካከለኛ፣ የኮምፒውተር መሰረቅም መካከለኛ። የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ከታየ ከ50 ዓመት በላይ የሆነው፣ ገበሬው በስሙ የሚያውቀው ነገር ነው፤ በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን ከቢሮ ዕቃ ጋር እኩል ቢጫ ተቀብቶ ተቀምጧል። መካከለኛ የሚለው ቃል የጸሐፊውን እንጂ የነገሩን ሁኔታ አይገልጽም፤ ከፍተኛ ቢል ባንኩ ይደነግጣል፣ ዝቅተኛ ቢል ኋላ ይወቀሳል።

በጣም ያሳዘነኝ ግን ስለ ውጭ ምንዛሪ የተጻፈው ነው፤ ምክንያቱም ይህ ጉዳይ ለሁላችንም ትኩስ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከ58 ብር በታች ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ረቂቁ ይህን ሁሉ «የምንዛሪ ተመን መዋዠቅ በፕሮጀክቱ ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ ሊያሳድር ይችላል» በሚል አንድ መስመር አለፈው። እኛ ግን የምንሸጠው በዶላር ነው፤ ብር ሲዳከም ከሽያጭ የምናገኘው ብር ይጨምራል፣ ብድራችን ደግሞ በብር ስለሆነ አይጨምርም። የሚጎዳን የመፈልፈያ ማሽኑን ከውጭ የምናስመጣ መሆናችን ነው፤ ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ብር ቢዳከም እንጎዳለን፣ ከተገዛ በኋላ ቢዳከም እንጠቀማለን። አንዱ ክስተት በቀኑ ምክንያት ብቻ ጉዳትም ጥቅምም ይሆናል።

እዚህ ላይ የቃሉ ጠባብነት ይታያል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ31000 ቁጥር ባወጣው መመሪያ ላይ ሪስክን የሚተረጉመው እርግጠኛ አለመሆን በዓላማችን ላይ የሚያሳድረው ውጤት አድርጎ ነው፣ ውጤቱም በጎም ክፉም ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። «ስጋት» ይህን መሸከም አይችልም፤ አማርኛ ተናጋሪ ሎተሪ ይደርሰኛል ብሎ አይሰጋም። ስለዚህ ሁለት ወገን ያለው ነገር ሲያጋጥም ጸሐፊው ቃሉን ትቶ ሁለቱንም አቅጣጫ በዐረፍተ ነገር መጻፍ ነበረበት። ሁለት መስመር ይበቃው ነበር።

ቃል በቃል ከተገለበጡት መካከል የሚያስቁም ነበሩ። «የማኅበሩ የስጋት ፍላጎት ዝቅተኛ ነው» የሚል አንድ ንኡስ ርእስ አለ። ስጋት የሚፈልግ ማን ነው? የተፈለገው «ልንሸከመው የምንችለው የኪሳራ መጠን» ማለት እንደነበር የተረዳሁት በእንግሊዝኛው ቅጂ በኩል ዞሬ ነው። «ዋስትና» የሚለው ቃል ደግሞ በአንድ ገጽ ውስጥ በሦስት ትርጉም ገብቷል፤ አንድ ቦታ የእሳት መድኑን፣ አንድ ቦታ ለባንኩ የሚያዘውን ቤት፣ አንድ ቦታ ደግሞ የአጎቴን ልጅ በግል ዋስ መሆን ያመለክታል። የብድር ባለሙያዋ በጨዋነት «ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ዋስትና ያላችሁት የትኛውን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ለመመለስ ሰነዱን ወደ ኋላ መግለጥ ነበረብኝ። መድን፣ መያዣ፣ ዋስ የሚሉ ሦስት አጫጭርና ጥርት ያሉ ቃላት እያሉን አንዱን ሰፊ ቃል ለሦስቱም ማልበስ ምን ይባላል?

ከሁሉ የከፋው ግን የሕግ ቃሉ ነው። ረቂቁ የዋጋ መውረድን፣ የዝናብ መዛባትንና የነዳጅ መወደድን «ከዐቅም በላይ የሆኑ ኃይሎች» በሚል ርእስ ሥር ሰብስቧቸዋል። ሐረጉ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1792 ላይ ያለ ነው፤ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የሚችለውን ነገርም ሆነ ግዴታውን የበለጠ ውድ ከማድረግ ያላለፈውን ነገር ሕጉ ከዐቅም በላይ ነው ብሎ አይቀበልም። ስለዚህ አንድን ነገር በስጋት ዝርዝር ውስጥ ማስገባት አስቤዋለሁ ብሎ መፈረም ነው፤ አስቤዋለሁ ያለ ሰው ኋላ ተነሥቶ ከዐቅሜ በላይ ነበር ሊል አይችልም። የነዳጅ መወደድማ የተጠቀሰው የሕግ አንቀጽ በግልጽ የሚያወጣው ጉዳይ ነው። ከአቅራቢዎች ጋር ውል ስንፈራረም ይህን ክፍል ቀድተን ብናስገባው ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ረቂቁን ለዘመዶቻችን የላክሁት እነዚህን ሁሉ ሳልመለከት በችኮላ ነበር። በማግስቱ ሌሊት ሜሪላንድ ያለው ታላቁ አጎቴ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል። «ልጄ፣ ገና ሳንጀምር ልንከስር ነው እንዴ?» አለኝ። «በመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ ይጠበቃል» የሚለውን መስመር አይቶ ነው። ለሒሳብ ሰው ኪሳራ ማለት የዓመቱ ወጪ ከገቢው መብለጡ ነው፤ አዲስ ማጠቢያ በመጀመሪያው ዓመት ማትረፉ ነው የሚያስገርመው። በንግድ ሕጉ ግን፣ በቀድሞው በ1952ቱም ይሁን በአዋጅ ቁጥር 1243 በወጣው አዲሱ፣ ኪሳራ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ነጋዴ በፍርድ ቤት የሚታወጅበት ነገር ነው፤ በሰፈር ቋንቋም «ከሰረ» የተባለ ሰው ሱቁ ተዘግቶ ዕቃው በሐራጅ የተሸጠ ነው። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቶ ያጠራቀመ ሰው ቃሉን በየትኛው ትርጉሙ እንደሚያነበው ጸሐፊው መገመት ነበረበት። «በመጀመሪያው ዓመት ወጪያችን ከገቢያችን በዚህን ያህል ብር ይበልጣል፣ ጉድለቱም ከመነሻ ካፒታሉ ይሸፈናል» ተብሎ ቢጻፍ አጎቴ እንቅልፉን ይተኛ ነበር።

ወጣቱን ጸሐፊ ሄጄ ሳነጋግረው ያልጠበቅሁትን ነገር ነገረኝ። ሌሎች ደንበኞቻቸው የስጋቱ ክፍል እንዲለሰልስ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዱ ጨርሶ እንዲወጣ ይፈልጋል። አንድ ባለጉዳይ ስለ እሳት የተጻፈውን አንቀጽ አይቶ «ምን አለበት አሁን ይህን ባትጠሩት» እንዳላቸው አጫወተኝ። ይህን ስሰማ ቁጣዬ ትንሽ በረደ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ክፉን ነገር በስሙ መጥራት እርሱን መጋበዝ ይመስለናል። በሌላ በኩል ግን ይኸው ሕዝብ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፣ ነጋዴውም የሚመራው በሁለተኛው ነው። መጋዘኑን ሁለት ቁልፍ የሚያስገባ፣ ለአዲስ ደንበኛ ዱቤ የማይሰጥ፣ ዕቃውን በሁለት መኪና ከፍሎ የሚጭን ነጋዴ ስጋት የሚለውን ቃል ሳይናገር ሥራውን ይሠራል። ጥርጣሬውን በተግባር የሚያውቅ ሰው በወረቀት ላይ ሲመጣ ለምን ዝም እንደሚል፣ ወይም ለምን «ልዩ ልዩ ስጋቶች» በሚል መጋረጃ እንደሚሸፍነው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አገልግሎቱን ያዳነው ቢሮው በሳምንት ሁለት ቀን የሚያሠራቸው አንድ አዛውንት አርታኢ ናቸው። ወጣቱ ወደ እርሳቸው መራኝ፤ መጀመሪያውኑ ሰነዱ በእርሳቸው እጅ ማለፍ እንደነበረበት፣ በጊዜ ጥበት ምክንያት እንደተዘለለ የሰማሁትም ያን ዕለት ነው። ይህ የቢሮው ትልቁ ጥፋት ነው፤ ያላቸውን ምርጥ ነገር ለደንበኛው የሚያቀርቡት ደንበኛው ሲቆጣ ብቻ መሆን የለበትም።

አርታኢው እርሳስ አነሡና «ይችላል» የሚለውን ቃል ከገጹ ላይ አንድ በአንድ አወጡት። ከዚያም እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገር ነገሩኝ። «አማርኛ ለዚህ ነገር መለኪያ አለው፤ ያለው ግን ከግሡ ፊት ነው። ‹ቢ› ለሩቁ ነው፣ ‹ከ› ለቅርቡ፣ ‹ሲ› ለማይቀረው» አሉኝ። ዋጋው ቢወርድ፣ ዋጋው ከወረደ፣ ዋጋው ሲወርድ። ሦስቱን ጮክ ብዬ አነበብኳቸው፤ የሚሰጡት ስሜት በእርግጥም የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ለወሬ ያህል የተነሣ ነው፣ ሁለተኛው ልብ በሉ ይላል፣ ሦስተኛው ቀኑን እንጂ መድረሱን አይጠራጠርም። በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ቀለም ለመናገር የተደከመበት ነገር አንድ ፊደል በማይሞላ ቅጥያ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። አራተኛም አለ፤ «ቢወርድም»። ባንክ ሊሰማ የሚፈልገው ይህን ነው፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ግሥ «መክፈል አያቅተንም» ከሆነ። የመከላከያ ስልት ተብሎ ሦስት ገጽ የተጻፈለት ሁሉ «ቢ…ም» ብሎ ጀምሮ መጨረስ የሚችል ዐረፍተ ነገር መሆን አለበት፣ መጨረስ ካቃተው ስልት የለንም ማለት ነው ብለው አስረዱኝ።

በዚህ መንገድ አሥራ አራቱን ስጋቶች አንድ በአንድ አለፍናቸው፤ ሙሉ ቀን ፈጀብን። ስምንቱ ቢደርሱ የሚያስከፍሉት ብር ሊጻፍላቸው ስላልቻለ ወጡ፤ የኮምፒውተሩ ስርቆት የሄደው ያን ጊዜ ነው። «የተፈጥሮ አደጋ» የሚለው ተሰረዘና ቡናው በማድረቂያ አልጋ ላይ ሳለ ዝናብ ቢመታው ደረጃው ወርዶ ስንት እንደምናጣ ተጻፈ። «ተጋላጭነት» የሚለው ቃል ቀረ፣ ነገር ግን ቁጥር ሳያስከትል የትም እንዳይገባ ተከለከለ። ስለ ዋጋ የተጻፈው ደግሞ ብዙ አከራከረን። እኔ «ከወረደ» እንዲባል ፈልጌ ነበር። አርታኢው በኒው ዮርክ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ፓውንድ የአረቢካ ቡና ከ1 ዶላር በታች ይሸጥ እንደነበረ፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ መውጣቱን ከራሳችን የገበያ ጥናት ክፍል አሳዩኝና «ይህን ያህል የወጣ ነገር መውረዱን እርስዎ ይጠራጠራሉ?» አሉኝ። ለስምንት ዓመት ብድር የሚወስድ ሰው በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ዋጋ ሲወርድ ማየቱ እንደማይቀር ተስማማሁ። የመጨረሻው ጽሑፍ እንዲህ ሆነ፦ «እሸቱን በውድ ገዝተን የታጠበውን ሳንሸጥ የዓለም ገበያ ዋጋ በአንድ አምስተኛ ሲወርድ፣ የዚያ ዓመት ትርፍ ጠፍቶ 2.4 ሚሊዮን ብር ከማኅበርተኞች መዋጮ ላይ ይጎድላል። ይህ በሁለት ተከታታይ ዓመት ቢደርስም በመጠባበቂያ ሒሳብ የሚቀመጠው ገንዘብ የብድሩን ክፍያ ይሸፍናል።»

ሁለተኛው ረቂቅ ዘጠኝ ገጽ የነበረውን ወደ ሦስት ገጽ ተኩል አውርዶታል። እንከን አላጣም። «ስጋት» እና «ሥጋት» አሁንም በአንድ ገጽ ላይ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ነገር ግን የሒሳብ ሰነድ የሚያነብ ሰው ፊደል የማይመሳሰልበትን ቦታ ካየ ቁጥር የማይመሳሰልበትንም መፈለግ ይጀምራል። የእንግሊዝኛው ቅጂ እንደ ድሮው ቀረ፣ ስለዚህ ሪያድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሁለቱን አስተያይታ «አንዱ ሰነድ ነው ወይስ ሁለት?» ብላ ጻፈችልኝ፤ ልክ ነበረች። ለአርታኢው ሥራ ተጨማሪ 8,000 ብር ተጠይቀን ከፈልን። መክፈሉ አልከበደኝም፤ መጀመሪያ በተስማማንበት ዋጋ ውስጥ መካተት የነበረበት መሆኑ ግን ከነከነኝ፣ ለሥራ አስኪያጁም ነግሬያቸዋለሁ።

ወደዚህ ዓይነት ቢሮ የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር በውሉ ውስጥ እንዲያስገባ እመክራለሁ። ሰነዱን በአማርኛ ያረመው ሰው ማን እንደሆነ ይጻፍ፤ በስጋት ክፍሉ ውስጥም የብር መጠን የሌለው አንቀጽ እንዳይኖር ይስማሙ። ሒሳብን በሚመለከት ቢሮውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ለጽሑፉ ግን አርታኢው የሚገኙበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ባንኩ በአዲሱ ሰነድ ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ብድሩን ፈቀደ፤ ዋስትና የሚል ቃል ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ አልነበረም። አጎቴም አነበበው። በዚህ ጊዜ የደወለው በቀን ነው፣ ድምፁም ደህና ነበር። ዐረፍተ ነገሩን በስልክ መልሶ አነበበልኝና «ይቺን ‹ሲወርድ› የምትለዋን ማን ነው የጻፋት?» አለ። ነገርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ጎበዝ ሰው ነው» አለኝ፤ በሳምንቱም ሊልክ ካሰበው ገንዘብ ግማሹን ላከ። ከአርባ የማድረቂያ አልጋ ወደ ሃያ ስድስት ወርደን ጀመርን።